ሕጉ የረሳው ጥንቸል፦ የሌይሳን ደሴት የባሕር ወፎች ታሪክ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ሃዋይን ፈልጉ። ከዋና ከተማዋ ከሆኖሉሉ ተነስታችሁ በሰማያዊው ውሃ ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ደጋግማችሁ ካጎላችሁት ግን ዙሪያዋን ነጭ አሸዋ የከበባት፣ መሐሏ ላይ ጨዋማ ሐይቅ ያለባት አንዲት ሞላላ ነጥብ ብቅ ትላለች። ሌይሳን ትባላለች። የሃዋይኛ ስሟ ካውኦ ነው፤ እንቁላል ማለት ነው። ስሙ ከቅርጿ ይምጣ ከነዋሪዎቿ ለመለየት ያስቸግራል፤ ቅርጿም እንቁላል ነው፣ እንቁላልም ሞልቶባታል።

የቆዳ ስፋቷ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለው የአሸዋ ክምሯ እንኳ ከባሕሩ በላይ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። ወንዝ የላትም፣ ተራራ የላትም። ታዲያ ስለ እሷ ምን ያስወራናል? ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሌይሳን በ1909 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ የወፎች መጠበቂያ ተብላ ተከለለች። ከዚያ በኋላ ባሉት 14 ዓመታት ውስጥ፣ ሕጉ ሳይሻርና ሳይለወጥ፣ ደሴቷ ሙሉ በሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነች በረሃ ሆነች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወረቀቱ ዋሽንግተን ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ ወፎቹ ግን ያልቃሉ። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት መጀመሪያ ወፎቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአልባትሮስ ሒሳብ

የባሕር ወፍ ስንል አብዛኛውን ሕይወቱን ውቅያኖስ ላይ የሚያሳልፍ፣ ምግቡንም ከዚያው የሚያገኝ ወፍ ማለታችን ነው። ውሃ ላይ መብላት ይችላል፣ ውሃ ላይ ማረፍም ይችላል፤ አንድ የማይችለው ነገር ቢኖር ውሃ ላይ እንቁላል መጣል ነው። ስለዚህ በዓመት አንዴ የግድ መሬት ያስፈልገዋል። ያም መሬት ድመት፣ አይጥ፣ ቀበሮ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። እንደ ሌይሳን ያሉ ሩቅና ዝቅተኛ የአሸዋ ደሴቶች ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወፎች እዚያች ጠባብ መሬት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይፈለፍላሉ።

ከእነሱ መካከል ትልቁ አልባትሮስ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንደኛው ዝርያ እንዲያውም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ደሴት ነው፤ የሌይሳን አልባትሮስ ይባላል። አሁን ልብ በሉ፦ አልባትሮስ በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እሱን ለሁለት ወር ያህል ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ ለመብረር አምስት ወር ከዚያም በላይ ይወስድበታል። አድጎ ራሱ ለመውለድ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ያልፋል። ሲመለስም የትም አይሄድም፤ እዚያው ወደተፈለፈለበት ደሴት ነው የሚመጣው።

ዝግ ያለ ኑሮ ነው፤ ግን ረጅም። ቻንድለር ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ በ1956 ሚድዌይ በተባለችው የሌይሳን ጎረቤት ደሴት ላይ የአንዲት አልባትሮስ እግር ላይ ቀለበት አሰሩ። ከ46 ዓመት በኋላ እዚያው ደሴት ላይ ራሳቸው ሮቢንስ መልሰው አገኟት። ዊዝደም ተባለች፤ ጥበብ እንደማለት ነው። ሮቢንስ በ2017 ዐረፉ። ዊዝደም ግን በ2024 መጨረሻ፣ ዕድሜዋ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ፣ ሌላ እንቁላል ጣለች።

እንዲህ ያለ ወፍ እንቁላሉን አንድ ዓመት ብትወስዱበት ይችለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል። ትልቁን ወፍ ከገደላችሁት ግን ጎጆ ውስጥ ያለው ጫጩት በረሃብ ይሞታል፣ ብቻውን የቀረው ጥንድም አዲስ አጋር እስኪያገኝ ዓመታት ያልፉበታል፣ የሚተካውም ወፍ ለመድረስ ሌላ ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። ዶሮ አይደለም፤ በወራት ውስጥ አይተካም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። በሌይሳን ሁሉም ወፍ ከመሬት በላይ አይኖርም። ፔትረልና ሺርዋተር የሚባሉት ወፎች አሸዋውን በእግራቸው ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚፈለፍሉት። ደረቅ አሸዋ ቆፍራችሁ ታውቁ እንደሆነ ችግሩን ትረዱታላችሁ፤ ጉድጓዱ ወዲያው ይናዳል። በሌይሳን ግን አይናድም ነበር። ምክንያቱም እንደ ጓሳ በየቦታው እየተቋጠረ የሚበቅል አንድ ሣር ነበር፤ ሥሩ አሸዋውን እንደ መረብ ይዞታል። ሣሩ ደግሞ የሚበቅለው ወፎቹ ከባሕር በሚያመጡት ምግብ፣ ማለትም በኩሳቸው ነው። ወፉ ሣሩን ያበላል፣ ሣሩ የወፉን ቤት ያቆማል።

ኩስ፣ እንቁላል፣ ላባ

ሰው ሌይሳንን የፈለገው መጀመሪያ ለዚሁ ኩስ ነው። ለዘመናት የተከማቸ የባሕር ወፍ ኩስ ጓኖ ይባላል። በፎስፌት የበለፀገ ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም የሚሻማበት ማዳበሪያ ነበር። በ1890 የሃዋይ መንግሥት (ያኔ ሃዋይ ገና ራሷን የቻለች ንግሥና ነበረች) ደሴቷን ለነጋዴዎች አከራየ። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ በቅሎዎች መጡ፣ ከጃፓን የመጡ የቀን ሠራተኞች በጠራራ ፀሐይ ጓኖ ቆፈሩ። የተቆፈረው ማዳበሪያ የሃዋይን የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለመለመ።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ታዋቂ ፎቶግራፍ አለ። ጋሪዎች ይታያሉ፤ ጋሪዎቹ ላይ የተቆለለው አልባትሮስ እንቁላል ነው፤ ድንች ይመስል ተቆልሏል። እያንዳንዱ እንቁላል የአንድ ጥንድ የዓመት ልፋት መሆኑን አሁን ታውቃላችሁ።

የሥራው ኃላፊ ማክስ ሽሌመር የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር። ከቤተሰቡ ጋር እዚያው ይኖር ስለነበር “የሌይሳን ንጉሥ” የሚል ቅጽል ወጣለት። ጓኖው እየተሟጠጠ ሲመጣ ሽሌመር ሌላ ገቢ መፈለግ ጀመረ። በ1903 ገደማም ጥንቸሎች አምጥቶ ደሴቷ ላይ ለቀቀ። ሥጋቸውን በቆርቆሮ አሽጎ ሊሸጥ አስቦ እንደነበር ይነገራል። ፋብሪካው አልተሠራም። ጥንቸሎቹ ግን ቀሩ። ለጊዜው እዚያው እንተዋቸው፤ በዘመኑ የነበሩ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የወፍ ጠባቂዎቹ ዓይን ሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ ባርኔጣ ላይ። በኒውዮርክ፣ በለንደንና በፓሪስ የዘነጠች ሴት ባርኔጣዋን በላባ፣ በክንፍ፣ አንዳንዴም በሙሉ የደረቀ ወፍ ታስጌጥ ነበር። ለዚህ ፋሽን የሚገደለው ወፍ ቁጥር ሲበዛ ተቃውሞ ተነሳ። በ1896 ቦስተን ውስጥ ሐሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የሀብታም ቤት ሴቶች ጓደኞቻቸውን ሻይ እየጋበዙ ላባ እንዳይለብሱ ማግባባት ጀመሩ፤ ከዚያም የወፍ ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ። እንቅስቃሴው እየሰፋ ዋሽንግተን ደረሰ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ወፍ ወዳድ ነበሩ። በመጋቢት 1903 ፍሎሪዳ ውስጥ ፔሊካን አይላንድ የተባለችውን ትንሽዬ ደሴት የወፎች መጠበቂያ አድርገው ከለሉ። የካቲት 3 ቀን 1909 ደግሞ ሥልጣን ሊለቁ ወር ሲቀራቸው፣ ሌይሳንን ጨምሮ የሃዋይ ሰሜን ምዕራብ ደሴቶችን የወፎች መጠበቂያ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ።

ሁለቱን ደሴቶች ማነጻጸር ጥሩ ነው። ፔሊካን አይላንድን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ የሚጠብቃት አንድ ሰው ነበር፤ ፖል ክሮጌል ይባላል። የሚገርመው እሱም ጀርመናዊ ስደተኛ ነው። ቤቱ ከደሴቷ ፊት ለፊት ነበር፤ ጀልባ ሲያይ ጠመንጃውን ይዞ በራሱ ጀልባ ይወጣል። ደሞዙ ሲጀምር በወር 1 ዶላር ነበር። በሌይሳን ግን ጠባቂ ፈልጉ ብትባሉ፣ በሰፈር ቋንቋ፣ “ወፍ የለም”። ወፍስ ሞልቷል፤ የሌለው ጠባቂው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ በፔሊካን አይላንድና በሌይሳን መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ይህ የ1 ዶላር ሰው ነው።

የሆነውም ይህ ነው። ሽሌመር በደሴቷ ላይ የመሥራት መብቱን ለአንድ የጃፓን ነጋዴ በውል አስተላልፎ ነበር። በ1909 የጸደይ ወራት፣ ማለትም የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ገና ሳይደርቅ፣ ላባ ሰብሳቢዎች ሌይሳን ወረዱ። አልባትሮስ ሰውን አይፈራም፤ ለሺህ ዓመታት መሬት ላይ ጠላት አይቶ ስለማያውቅ ጎጆው ላይ እንደተቀመጠ ዝም ብሎ ያያችኋል። ጠመንጃ እንኳ አያስፈልገውም፤ ዱላ ይበቃዋል። ወሬው ሆኖሉሉ እስኪደርስ ወራት አለፉ። ቴቲስ የተባለችው የመንግሥት ጠባቂ መርከብ በጥር 1910 ስትደርስ በሌይሳንና በአጎራባቿ ሊሲያንስኪ ደሴት ላይ 23 ሰዎችን ያዘች። ለመላክ የተዘጋጀ ክንፍና ላባ መጋዘን ሙሉ ነበር። የተገደሉት ወፎች ከ2 መቶ ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል፤ 3 መቶ ሺህ የሚሉም አሉ። ሽሌመር ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በነፃ አሰናበተው።

ሌላው ጠላት

በ1911 ሆመር ዲል የተባሉ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጉዳቱን ለማየት ቡድን ይዘው ሌይሳን ደረሱ። የወፍ አጥንት መሬቱን ሸፍኖት አገኙ። የባርኔጣው ንግድ ያደረሰው ጉዳት ይህ ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም ይቆጣል። ዲልና ባልደረቦቻቸው ግን ሌላም ነገር አዩ። ጥንቸሎቹ በሺህ ተቆጥረዋል፤ ሣሩም እየሳሳ ነው። በጻፉት ሪፖርት ላይ ጥንቸሎቹ ካልተወገዱ ደሴቷ እንደምትራቆት አስጠነቀቁ።

ማስጠንቀቂያው ተሰምቷል። በ1912 መጨረሻ ሦስት ሰዎች ጥንቸል ለማጥፋት ተላኩ። ለወራት እዚያው ሰፍረው ከ5,000 በላይ ጥንቸል ገደሉ። ከዚያ ጥይት አለቀባቸው። ሺህዎች ሳይገደሉ ቀሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የታሪኩ ማጠፊያ ይህ ነውና። ጥንቸል ባረገዘች በወር ውስጥ ትወልዳለች፤ በአንዴ የምትወልደውም ብዙ ግልገል ነው። አልባትሮስ አንድ ልጅ አሳድጎ እስኪያወጣ ጥንቸል ዘር ማንዘሯን ታያለች። ስለዚህ የጥንቸልን ቁጥር በግማሽ መቀነስ፣ ወይም ከአሥር ዘጠኙን መግደል፣ ለደሴቷ ምንም ጥቅም የለውም። የተረፉት ጥቂቶች ምግብ በዝቶላቸው ይፋፋሉ፤ በአጭር ጊዜም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። እንደ አረም ነው፤ ሥሩን ካልነቀላችሁት ማጨድ ብቻውን ድካም ነው። ዛሬ ደሴት ላይ ወራሪ እንስሳ የሚያጠፉ ባለሙያዎች የሚመሩበት ሕግ “ከመጨረሻዋ አንዷ በፊት አታቁም” የሚል ነው። በ1913 ይህ ገና አልታወቀም ነበር፤ ቢታወቅም ጥይቱ የለም።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በቋሚነት ደሴቷን የሚጎበኝ አልነበረም። ሩቅ ናት፣ መርከብ ውድ ነው፣ በመሐል ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ።   በዚህ ፀጥታ ውስጥ ጥንቸሎቹ ቅጠሉን በሉ፣ ቀጥሎ ግንዱን፣ ቀጥሎ ሥሩን። ሥሩ ሲያልቅ አሸዋው ተለቀቀ። ነፋሱ አነሳው። ጉድጓዶቹ ተናዱ፣ ጫጩቶች በሕይወት እያሉ ተቀበሩ፣ ሐይቁም በአሸዋ እየተሞላ ሄደ።

በሚያዝያ 1923 ታናጀር የተባለች የባሕር ኃይል መርከብ አሌክሳንደር ዌትሞር በተባሉ የአእዋፍ ሊቅ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ይዛ ስትደርስ አረንጓዴ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ20 በላይ ከነበሩት የዕፅዋት ዓይነቶች የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሚበላ ስለጠፋ ጥንቸሎቹም በረሃብ አልቀው የቀሩት ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ቡድኑ በዚህ ጊዜ ሳያቋርጥ ሠራ፤ የመጨረሻዋን ጥንቸል ጨርሶ ነው የወጣው።

ለአንዳንዶች ግን ረፍዶ ነበር። ሌይሳን ከባሕር ወፎቹ ሌላ፣ በዓለም ላይ የትም የማይገኙ አምስት የራሷ የየብስ ወፎች ነበሯት። አንደኛዋ ሚለርበርድ የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ ነበረች፤ ነፍሳት አዳኝ፣ በተለይ የእሳት ራት ወዳድ። ቅጠሉ ሲጠፋ ነፍሳቱ ጠፉ፤ በ1923 ሲፈለጉ አንዲትም አልተገኘችም። ሁለተኛዋ አፓፓኔ የምትባል፣ የአበባ ጭማቂ የምትጠጣ ደማቅ ቀይ ወፍ ናት። ቡድኑ ሦስት ብቻ አገኘ። አብሯቸው የነበረው ዶናልድ ዲኪ አንዱን ወንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲዘምር በፊልም ቀረጸው። ከቀናት በኋላ ለሦስት ቀን ያላባራ የአሸዋ ማዕበል ተነሳ። ማዕበሉ ሲያልፍ ሦስቱም አልነበሩም። ፊልሙ ዛሬም አለ። ያኔ ድምፅ አልባ ሲኒማ ስለነበር ወፉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ታያላችሁ እንጂ ዜማውን አትሰሙም።

የተረፉት ሁለቱ የተረፉት አመላቸው ስለረዳቸው ይመስላል። የሌይሳን ፊንች የምትባለው ወፍ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፤ ዘር፣ ነፍሳት፣ የባሕር ወፍ እንቁላል ሳይቀር። የሌይሳን ዳክዬ ደግሞ ከሣሩ ይልቅ ሆዱን የሚሞላው ከጨዋማው ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ የሚርመሰመሱ ዝንቦች አሉ፤ ዳክዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ከፍቶ በዝንቡ መሐል ይሮጣል። ሲታይ ያስቃል። በ1911 የተቆጠሩት ዳክዬዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ ያለው የሌይሳን ዳክዬ ሁሉ የእነዚያ ጥቂቶች ዘር ነው።

አምስተኛዋ ሬይል ናት። የእሷ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ያናድዳል። ሬይል መብረር የማትችል፣ ከዶሮ ጫጩት ብዙም የማትበልጥ፣ ሰው እግር ሥር እየተሽሎከሎከች የምትሮጥ ወፍ ነበረች። ሌይሳን ላይ ጠፋች፤ ነገር ግን ቀደም ብለው ሰዎች ጥቂቶቹን ወደ ሚድዌይ ወስደዋቸው ነበርና እዚያ ተራብተው ይኖሩ ነበር። ጥንቸሎቹ ከተወገዱ በኋላ የሌይሳን ሣር ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተራራ አጠገብ ያደጋችሁ ይህን ለማመን አትቸገሩም፤ መሬት ውስጥ የቀረ ዘር ትዕግሥቱ ብዙ ነው። በ1930ዎቹ ደሴቷ አረንጓዴ ነበረች። አንድ ሰው ከሚድዌይ ጥቂት ሬይሎችን በሣጥን ይዞ ቢመለስ ኖሮ ቤታቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። ማንም አልወሰዳቸውም። በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ ከባሕር ኃይል መርከብ የወረዱ አይጦች ሚድዌይ ገቡ። በዓመቱ፣ በ1944፣ ሬይል ለመጨረሻ ጊዜ ታየች።

አዲስ ካልሲ

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ባብዛኛው የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ጀብዱ የለበትም። በ1960ዎቹ ሳይታወቅ ከሰው ጋር አንድ የባዕድ አገር ሣር ሌይሳን ገባ። ፍሬው እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚጣበቅ እሾሃም ነው። አገር በቀሉን ሣር እየገፋ ተስፋፋ፤ ሥሩ ግን ጉድጓድ ቆፋሪ ወፎችን የሚያግዝ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሠራተኞች ከ1991 ጀምረው ለአሥር ዓመት ያህል ደሴቷ ላይ ድንኳን ተክለው አረሙን አንድ በአንድ ነቀሉት። ዘሩ አሸዋ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ያጸዱትን ቦታ ደግመው ደጋግመው መፈተሽ ነበረባቸው። የጥንቸሉ ሕግ እዚህም ሠራ፤ የመጨረሻዋ እስክትነቀል ድረስ።

ዛሬ ሌይሳን መሄድ ብትፈልጉ (ፈቃድ ማግኘት ራሱ ከባድ ነው) ልብሳችሁ፣ ጫማችሁ፣ ካልሲያችሁ አዲስ መሆን አለበት። አዲስ መሆኑም አይበቃም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ለ48 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ስፌት ውስጥ የተደበቀ ዘር ወይም ጉንዳን ወይም የነፍሳት እንቁላል እንዳይገባ ነው። በ1909 ደሴቷን ከጠመንጃ ለመጠበቅ የተጻፈው ሕግ ዛሬ ካልሲ ውስጥ ይፈትሻል።

ሬይል ላይ የተፈጸመው ደግሞ በዳክዬው ላይ እንዳይደገም ተደረገ። አንድ ደሴት ላይ ብቻ የሚኖር ዝርያ አንድ ማዕበል ወይም አንድ በሽታ ይበቃዋል። ስለዚህ በ2004 እና በ2005 በጠቅላላው 42 ዳክዬዎች ከሌይሳን ወደ ሚድዌይ ተወሰዱ። ሚድዌይ ሬይልን የጨረሷት አይጦች በ1990ዎቹ ተጠራርገው ጠፍተው ነበር። ዳክዬዎቹ ተራብተው መቶዎች ሆኑ። በ2014 ደግሞ 28 ዳክዬዎች ኩሬ ወደተባለች ሌላ ደሴት ሄዱ። ሚለርበርድም በዘመዷ ተተካች። የጠፋችው አትመለስም፤ ነገር ግን ኒሆዋ በተባለች ደሴት የምትኖር የቅርብ ዘመድ ነበረቻት። በ2011 እና በ2012 ሃምሳ ሚለርበርዶች በመርከብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሌይሳን ደረሱ። ሣሩ ተመልሷል፣ የእሳት ራቱም ተመልሷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ።

አሁን የሚያሳስበው ውሃው ነው። መጋቢት 2011 ጃፓንን የመታው ሱናሚ ውቅያኖሱን ተሻግሮ እነዚህን ዝቅተኛ ደሴቶች አጥለቀለቀ፤ ሚድዌይ ላይ ብቻ ከ1 መቶ ሺህ በላይ የአልባትሮስ ጫጩቶች ሞቱ። በጥቅምት 2018 ዋላካ የተባለው አውሎ ነፋስ በዚያው የደሴቶች ሰንሰለት ያለችውን ኢስት አይላንድን በአንድ ሌሊት ከባሕር በላይ እንዳትታይ አደረጋት። ባሕሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ከፍታቸው ጥቂት ሜትር የሆኑ የአሸዋ ደሴቶች የት ይሄዳሉ? በወረቀት ላይ ያለ ወሰን ውሃ አያግድም።

አልባትሮስ ደግሞ የተፈለፈለበትን ቦታ ትቶ አይሄድም ብለናል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ግትርነት ለመጠቀም ወሰኑ። ወፉ የሚያስታውሰው እንቁላሉ የተጣለበትን ሳይሆን አድጎ የበረረበትን መሬት ነው። ስለዚህ ከ2017 ጀምሮ ጥቁር እግር ያላቸው የአልባትሮስ ዝርያ ጫጩቶች፣ ዕድሜያቸው ገና በሳምንታት ሲቆጠር፣ ከዝቅተኛዎቹ ደሴቶች በአውሮፕላን ተነስተው ኦዋሁ ላይ ወዳለ ከፍ ያለ መሬት ተወሰዱ። ኦዋሁ ሆኖሉሉ ያለችበት ትልቅ ደሴት ናት፤ ድመትም፣ አይጥም፣ ፍልፈል መሳይ አዳኝም አለባት። ስለዚህ ቦታው አይጥ እንኳ በማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ታጥሯል፤ የአጥሩ ግርጌም ፍልፈላ እንዳይኖር መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሠራተኞች ዓሣና ስኩዊድ እየፈጩ ለወራት በእጃቸው አበሏቸው። ጫጩቶቹ አድገው በረሩ።

አልባትሮስ አንዴ ወደ ባሕር ከወጣ መሬት ሳይረግጥ ዓመታት ይቆያል። እስከዚያ ድረስ አጥሩ ውስጥ ቀለም የተቀቡ የአልባትሮስ ምስሎች ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ ድምፅ ማጉያም የአልባትሮስ ድምፅ ያሰማል። ከባሕር የሚመለሰው ወጣት ወፍ ከላይ ሲያይ ሰፈሩ ሰው ያለበት እንዲመስለው ነው።